ላም የተወችውን ማን ይንቀለው?

(ባሕር ዳር ላይ ለወተት አምራቾች፣ ለከብት አድላቢዎችና ለልማት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ወንበር አለ።

ባሕር ዳር ላይ «አረም» ብሎ ንግግር የጀመረ ሰው ስለ እምቦጭ ሊያወራ ነው ተብሎ ይጠበቃል። እደርስበታለሁ፣ አትቸኩሉ። ዛሬ ግን የመጣሁት ሐይቁን ትተን ሜዳውን እንድናይ ነው። የፎገራን፣ የሊቦ ከምከምን፣ የደራን፣ የደምቢያን የግጦሽ ሜዳ። ሐይቅ ላይ የወጣ አረም ከሩቅ ይታያል፤ ሳተላይት እንኳን ፎቶ ያነሳዋል። ሜዳ ላይ ግን አረሙም አረንጓዴ፣ ሳሩም አረንጓዴ። በመኪና የሚያልፍ ሰው «እንዴት ያለ ለምለም መስክ ነው!» ብሎ ያልፋል። የማይሸወዱት ላሟና እረኛው ብቻ ናቸው።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ክልስ ላም ይዛችሁ ወተት የምታቀርቡ ናችሁ። ግጦሽ የሚባል ነገር የላችሁም። «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። ድርቆሹንስ ከየት ነው የምትገዙት? ያ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ድርቆሽ ከአንድ ሜዳ ላይ ነው የታጨደው። ሜዳው አረም ካለበት ድርቆሹም አለበት። ዋጋው በየዓመቱ የሚወደደው የነጋዴ ስስት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳር የሚታጨድበት መሬት እየጠበበ ነው፤ ከቀረው ላይ ደግሞ አረሙ ድርሻውን ይወስዳል።

እኔ የምለው ነገር አንድ ነው። መጤ አረም ሜዳ የሚይዘው ጉልበተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቦታ ስለሚለቀቅለት ነው። ባዶ መሬት እንደ ታክሲ ባዶ ወንበር ነው፤ ረዳቱ ሰው ሳይሞላበት አይሄድም። ሳሩ ወፍሮ መሬቱን ከሸፈነ የአረም ዘር ቢወድቅም ብርሃን አያገኝም። ሳሩ ተግጦ ተግጦ አፈሩ ፀሐይ ሲመታው ግን መጀመሪያ የደረሰው ይይዘዋል። መጀመሪያ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ አረሙ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ጠዋት ሜዳ ላይ የተለቀቀች ላም መራጭ ናት። መጀመሪያ ማገጡን፣ ያንን ባለ ሦስት ቅጠሉን መኖ፣ ትለቅማለች። ከዚያ ሰርዶውን። ምላሷን የወጋትን፣ የመረራትን ትታው ታልፋለች። ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ቅጠሉ በየቀኑ የሚጋጥ ሳር ሥሩ ይመነምናል፤ ምግቡን የሚሠራለት ቅጠሉ ነውና። የተተወው ተክል ግን ማንም አይነካውም። ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል። አስቡት እንግዲህ። ገበሬ ጤፉን ሲያርም አረሙን ነቅሎ ሰብሉን ይተዋል። የላም መንጋ ደግሞ በአንድ ሜዳ ላይ ክረምት ከበጋ ተቃራኒውን ሲሠራ ይከርማል። ሳሩን እያረመ አረሙን ያሳድጋል። እኛ ከአምስት ዓመት በኋላ እንመጣና «አረም ወረረን» እንላለን።

ወደ ፎገራ ልውሰዳችሁ። ፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ያነጠፉት ሜዳ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ሳር ያበቅላል። የፎገራ ከብት የሚባለው ዝርያ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሞ መጋጥን የለመደ፣ ወተት የሚሰጥ፣ በአገር የታወቀ ከብት ነው። አሁን ንጹሕ የፎገራ ከብት ማየት የፈለገ ሰው በጢስ ዓባይ መንገድ ወደ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቢሄድ ይሻለዋል። ሜዳው ላይ ተደባልቋል፣ ተመናምኗልም።

ምን መጣ? ሩዝ መጣ። ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የፎገራ ሩዝ በየሱቁ ይሸጣል። ሩዝን ልወቅስ አልመጣሁም። ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ያስተማረ ገበሬ በሩዝ ነው ያደረገው። ግን ሩዝ የሚወደው ያንኑ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ነው። የሩዝ ማሳ በሰፋ ቁጥር የወል ግጦሹ ጠበበ። ከብቱ በቀረችው ሜዳ ላይ ተጨናነቀ። ያቺ ሜዳ ተላጨች። በተላጨችው ሜዳ ላይ አሜኬላ በቀለ።

አሜኬላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት እዚህ አንድ ዘለላ ይዤ መጥቻለሁ፤ አትንኩት፣ በዓይን ብቻ። ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ረግረግ ይወዳል። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ቅጠሎቹ ክብ ሠርተው ይወጣሉ። በቅጠሎቹ መካከል እነዚህን እሾሆች ታያላችሁ? ስድስት አካባቢ ናቸው፣ ቢጫ፣ እንደ ጣት ክፋይ የሚረዝሙ። ሐምራዊ አበባው የሚያብበው በእሾሆቹ መሐል ነው። ዘሩም እዚያው ነው፤ ማንም አፉን አያስገባበትም።

ላም አሜኬላ አጠገብ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ቆማችሁ እዩ። አፍንጫዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ትሸሻለች፣ ዞራ በሌላ በኩል ትሞክራለች። ከግንዱ ሥር ጥሩ ሳር አለ። ሳሩ የተረፈው እሾሁ ስለጠበቀው ነው፤ ልትደርስበት ግን አትችልም። ስለዚህ አንድ ሜዳ ሲሶው በአሜኬላ ተያዘ ስንል የጠፋው ሲሶ ብቻ አይደለም፤ በየመካከሉ ያለውም ሳር አብሮ ታጥሯል። ዘሩ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይለጠልጣል፤ የከብት ኮቴ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ የእረኛ እግር ላይ ይለጠፋል። ጎርፍ ይወስደዋል። አንድ ሜዳ ላይ ያለ አሜኬላ በሚቀጥለው ክረምት ታች ያለው ሜዳ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አይነቅሉትም?» ትላላችሁ። ይነቅሉታል! ደቦ ጠርተው፣ ማጭድና ገጀራ ይዘው ይወጣሉ። ችግሩ ጊዜው ነው። አሜኬላ የሚነቀልበት ጥሩ ጊዜ ጭቃው ገና ለስላሳ ሆኖ፣ አበባው ሳይፈነዳ ነው፤ በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም። እርጥብ መሬት ላይ ሥሩ ተጎትቶ ይወጣል። ግን በዚያ ወቅት የፎገራ ገበሬ የት ነው ያለው? ሩዙ ውስጥ ነው፣ አጎንብሶ። የራሱን ማሳ ትቶ የወል ሜዳ የሚያርም ሰው የለም፤ አይፈረድበትም። የወል ሜዳ የሚታረመው ሥራ ሲፈታ ነው፤ ጥር ላይ፣ የካቲት ላይ። ያን ጊዜ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግንዱ ከመሬት በላይ ይቀነጠሳል፣ ዘሩም ወድቋል። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ደረቅ እንጨት ለቅሞ ይመለሳል። ማገዶ አገኘ እንበል።

ስለዚህ ባለሙያዎች፣ እናንተን ነው የምለው። «ኅብረተሰቡን ቀስቅሰን ይህን ያህል ሄክታር አረምን» የሚል ሪፖርት ስትጽፉ ወሩንም ጻፉበት። ከወሩ ውጪ የታረመ ሄክታር ቁጥር ብቻ ነው። ለመስከረሙ ሥራ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። የቀበሌ ወጣቶች ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ በባዶ እጅ በነፃ እንዲውሉ መጠበቅ ቀልድ ነው። ጓንት፣ ቦቲ፣ የቀን አበል። ከዚህ ውጪ ያለው ንግግር ነው።

አሁን ቅንጬ አረም ላይ ልምጣ፤ ፓርቲኒየም የሚባለው። ይህ ደግሞ ለእናንተ ለወተት ሰዎች ዋናው ጠላት ነው። አገሩ ከአትላንቲክ ማዶ፣ የአሜሪካ ሞቃት አካባቢ ነው። ወደ እኛ የገባው በምሥራቅ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ድሬዳዋ ናት። ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ ነው የመጣው ይባላል። ከዚያ መንገድ መንገዱን ሄደ። በመኪና ጎማ፣ በአሸዋ፣ በጭድ። ወደ ወሎ ቆቦ ብትወርዱ ሜዳውን እንዴት እንዳለበሰው ታያላችሁ።

ቅንጬን ልዩ የሚያደርገው ፍጥነቱ ነው። በቅሎ አንድ ወር ከትንሽ ቢያልፈው ያብባል። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ንፋስም ውሃም ይወስደዋል። ሥሩና ቅጠሉ ደግሞ አጠገቡ ያለው ሳር እንዳይበቅል የሚያደርግ ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። ከብት ወዶ አይበላውም። ሲርበው ግን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ወተቱ ይመራል። ደንበኛችሁ «ወተቱ ምን ሆኗል?» ብሎ ሲመልስላችሁ ውሃ የቀላቀላችሁ መስሎት ነው። መልሱ ድርቆሹ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በእጅ ለሚነቅለውም ሰው ቀላል አይደለም። ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ አንዳንዱን ሰው አፍንጫውን ዘግቶ ያስነጥሰዋል፣ አስም ያለበትን ያስጨንቀዋል። ጓንት ሳታደርጉ፣ አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ እንዳትነኩት። ሕጻናትን አታሠማሩ።

ቅንጬ ላይ ደስ የሚለው አንድ ነገር እዚህ እኛ ዘንድ ገና እንደ ቆቦ አለመሆኑ ነው። ጥቂት ሥር ሆኖ ሲታይ ነው የሚጠፋው። መንገድ ዳር፣ የሕንጻ አሸዋ የተራገፈበት ቦታ፣ የከብት ገበያ፣ የጭድ መሸጫ፤ መጀመሪያ የሚታየው እነዚህ ላይ ነው። ነጭ ትንንሽ አበባ፣ የካሮት የመሰለ የተበጣጠሰ ቅጠል። ካያችሁት አበባው ሳይፈነዳ ንቀሉት፣ አድርቃችሁ አቃጥሉት። አብቦ ከሆነ ደግሞ እየጎተታችሁ መንደር ለመንደር አትዙሩ፤ መዝራት ነው የሚሆነው። ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ እዚያው ቅርብ አቃጥሉት። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁም ተመለሱ። ሰው የሚሰንፈው መመለሱ ላይ ነው።

የወፍ ቆሎንም ላንሳ፤ በአጭሩ። አጥር ይሆናል ብለን በገዛ እጃችን የተከልነው፣ አበባው የሚያምረው። ፍሬውን ወፍ ይበላና ዘሩን የትም ይጥለዋል። ከብት ከበላው ጉበቱን ይጎዳል፤ ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ይላጣል። ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ክልሶች ላይ ይብሳል። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ሌላ አጥር ፈልጉ። በቃ።

እንግዲህ እምቦጭ። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ወደ ኢትዮጵያ ግን ቀድሞ ገብቷል፤ ቆቃ ሐይቅ ላይ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ታይቷል። አገሩ የአማዞን ወንዝ ነው። ጥሩ ምግብ ያለው ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ምግቡ ደግሞ ከእኛ ነው የሚሄድለት፤ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከተራቆተ ተራራ የወረደ አፈር፣ ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ። ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው እምቦጭ የግጦሽ አረምም መሆኑ ነው። የጣና ውሃ ከክረምት ማብቂያ እስከ ግንቦት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻው ደግሞ ሜዳ ነው፤ አንድ ሜትር ውሃ ሲወርድ ብዙ መሬት ይገለጣል። ይህ ባሕር ሸሽ የምንለው ነው። ሽምብራ ይዘራበታል፣ ጓያ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። በበጋ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ እርጥብ ሳር የሚገኘው እዚያ ነው። እምቦጭ ሲመጣ ውሃው ሲሸሽ አብሮ አይሸሽም። ባሕር ሸሹ ላይ ይተኛል፣ ሳሩን አፍኖ።

የሚብሰው ዘሩ ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው ደግሞ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ በተገለጠ ጭቃና በጥልቀት የለሽ ውሃ ላይ ነው። ማለትም ባሕር ሸሹ ችግኝ ጣቢያው ነው። ሐይቁን ብናጸዳና ባሕር ሸሹን ብንተው በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ሲመለስ ችግኙን ይዞት ይገባል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከየአቅጣጫው ሰው መጣ፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አወጣ። ያንን ሥራ አላቃልልም፤ ባይወጣ ኖሮ ይብስ ነበር። ግን የወጣው ክምር የት ተቀመጠ? ብዙ ቦታ እዚያው ዳር ላይ። ክምሩ ሲደርቅ ዘሩ ከሥሩ አለ። ውሃው ሲመጣ ክምሩን ያገኘዋል። ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው፤ ከውሃው መድረሻ በላይ አርቆ ማድረቅ፣ ማቃጠል ወይም ማበስበስ ቀሪው ግማሽ ነው። ለሁለተኛው ግማሽ ጋዜጠኛ አይመጣም።

«ለከብት መኖ ይሁን» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። እኔም እወደው ነበር፣ እውነት ቢሆን። እምቦጭ ከ100 ኪሎው 90 ምናምን ኪሎው ውሃ ነው። አንዲት ላም ሆዷ እስኪነፋ ብትበላ የምታገኘው ደረቅ መኖ እፍኝ ነው። ብቻውን ሲሰጣት ያስቀምጣታል። ከጭድ ጋር ትንሽ ጠውልጎ ቢቀላቀል ክፉ ቀን ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ደግሞ መኖ ነው ብሎ ከነሥሩ ጭኖ ሌላ ኩሬ አጠገብ የሚያራግፍ ሰው አረሙን እያከፋፈለ ነው።

ጢንዚዛውስ? እምቦጭን ብቻ የሚበሉ ሁለት ዓይነት ጢንዚዛዎች አሉ፤ ከአረሙ አገር የመጡ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ በተለይ በኡጋንዳ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተለቀው አረሙ በጣም ቀንሷል። ያን ጊዜ የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበልም አግዟል፤ ሁሉም የጢንዚዛው ሥራ አይደለም። ጢንዚዛ ዓመታት ይፈልጋል። ደግሞ የሚኖረው እምቦጩ ላይ ነው። እምቦጩን በየዓመቱ ከነቀላችሁት ጢንዚዛውንም አብራችሁ ነቅላችኋል። ስለዚህ የት እንደሚነቀል፣ የት ለጢንዚዛው እንደሚተው ቀድሞ መለየት አለበት። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ በአንድ ወር ማለቁን ነው የምንወደው።

መድኃኒት መርጨት የሚለውንም ላንሳ። ቱ ፎር ዲ ጤፍ ላይ ስለምትረጩት ታውቁታላችሁ። ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል፣ ሳሩን ይተዋል። «ታዲያ ግጦሹን እንርጨዋ!» ይባላል። አንደኛ፣ ማገጡም ሰፊ ቅጠል ነው፤ ከሜዳው ሁሉ ምርጡ መኖ አብሮ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ፎገራና ደምቢያ ላይ የተረጨ ነገር ማረፊያው ጣና ነው። ዓሣ እንበላበታለን፣ ከተማው አጠገቡ ይኖራል፣ ደንገል እናጭድበታለን። ሦስተኛ፣ አረሙ ሞቶ መሬቱ ባዶ ከሆነ ከላይ ወዳልኩት ነገር ተመለስን። የቅንጬ ጥቂት ሥር ከውሃ ርቆ መንገድ ዳር ላይ ሲገኝ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ነጥሎ መርጨት ይቻላል። ሜዳ ሙሉ መርጨት ግን እኔ አልደግፍም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሳሩ ይረፍ። አረሙ በጊዜው ከተነቀለ በኋላ ሜዳው ከከብት ይከልከል። መከልከል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የቆየ የሜዳ አጠባበቅ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲፈቀድ እየከፈተ ለትውልዶች ኖሯል። ፎገራ ላይ ደግሞ ዓመታት መዝጋት አያስፈልግም፤ እርጥብ አገር ነው። ሳሩ ዘር እስኪይዝ አንድ ክረምት ቢተው ልዩነቱ ይታያል። የተራቆተው ቦታ ላይ ከሌላ የሰርዶ ሥር ነቅሎ መትከል ይቻላል፤ ደረቅ በሆነው ዳር ዳር ደሾ ሳር ይይዛል። ከዚያ አጭዶ መመገብ። የታጨደ ሜዳ ላይ ላሟ አትመርጥም፤ ማጭዱ አረሙንም ሳሩንም እኩል ይቆርጣል፣ ሳር ደግሞ ከቆረጣ በኋላ ቀድሞ ይነሳል።

ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ሜዳ ሲዘጋ የሚጎዳው ማነው? የራሱ ጭድ፣ የራሱ የሩዝ ገለባ ያለው ገበሬ አይደለም። መሬት የሌለው ወጣት፣ አንዲት ላም ያላት ባልቴት፣ በወል ሜዳ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። እነሱን ሳይጨምር የተዘጋ ሜዳ ሌሊት ይከፈታል። መከፈቱም ትክክል ነው እላለሁ። ስለዚህ መተዳደሪያው ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጻፈው ቅጣቱ ሳይሆን የሳር ክፍፍሉ ይሁን። ስንት ሸክም ለማን፣ በየትኛው ወር። ባለ ብዙ ከብቱ ደግሞ ስንት ማሰማራት እንደሚችል ይወሰን። ይህን የሚደፍር ቀበሌ ጥቂት ነው፤ ከብት ብዙ ያለው ሰው ስብሰባው ላይም ድምፁ ብዙ ነውና።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሂድ። አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ በበጎ ሐሳብ፣ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ተተከለ። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። የዘራው ከብቱ ነው። ፍሬው ይጣፍጣል፣ ከብት ይበላዋል፣ ዘሩ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ይወርዳል፤ ማዳበሪያውን ይዞ። ስለዚህ ከሌላ አካባቢ ከብት ስትገዙ በቀጥታ ሜዳ ላይ አትልቀቁ። ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ አስራችሁ መግቡ። ኮቴውን እጠቡ። እበቱን ለብቻ ሰብስቡ።

ጥያቄ።

አንድ አባት የጠየቁት፦ «ልጄ፣ እኛ ስንነቅል ጎረቤት ቀበሌ ካልነቀለ ምን ዋጋ አለው? ርብ በየዓመቱ ዘሩን ያመጣብናል።» አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ከላይ ካልተጀመረ ከታች ያለው ለዘለዓለም ነቃይ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ሥራው በቀበሌ ሳይሆን በወንዝ ተከትሎ መከፈል ያለበት የምንለው። እስከዚያ ግን ሜዳዎ ወፍራም ሳር ካለው ርብ ያመጣው ዘር ሁሉ አይበቅልም። ባዶ ከሆነ ሁሉም ይበቅላል።

አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ ደግሞ ፍየልና በግ ማሰማራት ይረዳ እንደሆነ ጠይቋል። ቁጥቋጦ ላይ ፍየል ይረዳል፣ ላም የማትነካውን ይቀነጥባል። አሜኬላ ላይ ግን አትመኩበት፤ እሾሁ ለፍየልም እሾህ ነው። ረግረግ ላይ የተሰማራ በግም የጉበት ትል ይዞ ይመለሳል።

የመጨረሻው የእትዬ ነው፤ እዚህ ከፊት የተቀመጡት። «ድርቆሹን ከገዛሁ በኋላ ቅንጬ ባገኝበትስ? ገንዘቤን ልጣለው?» አይጣሉት፣ እትዬ። ሲፈቱት መሬቱ ላይ ሸራ ያንጥፉ። አበባ ያለውን ግንድ በጓንት ይልቀሙና ያቃጥሉት። ቀሪውን ጋጣ ውስጥ ይመግቡ፣ ውጪ አይበትኑት። ሸራው ላይ የቀረውን ብናኝም እሳት ውስጥ ይክተቱት። እበቱን ጥሬውን ለጎመን መደብ አይስጡ፤ ከምረው፣ ውሃ ረጭተው፣ በየጊዜው እያገላበጡ ያብስሉት። ክምሩ በደንብ ሲግል፣ እጅ አላስገባ ሲል፣ አብዛኛው ዘር ይሞታል። ለሚቀጥለው ደግሞ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንዱን እስር ያስፈቱ። ሻጩንም የት እንዳጨደው፣ በስንተኛው ወር እንዳጨደው ይጠይቁት። መልስ ካጣ ሌላ አይሱዙ አለ።